ሞዴል 12 በርሜሉ ሲነቃነቅ

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ልጃቸው ሲሄዱ አንድ የቆየ ዊንቸስተር ሞዴል 12 ሸጡልኝ። ባለ 12 ጌጅ (የበርሜሉ ውፍረት መለኪያ) ነው፣ በርሜሉ 30 ኢንች፣ ትራፕ፣ ማለትም አየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ዒላማ፣ ይተኩሱበት ነበር። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል። በርሜሉ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ቦታ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል። ደግሞ በባዶው ስሞክረው፣ ቃታውን ሳልለቅ ፓምፑን፣ በርሜሉ ሥር የሚንሸራተተውን እንጨት፣ ወደ ፊት ስገፋ በራሱ ይመታል። ተበላሽቶ ይሆን? ሦስተኛ፣ ጥቁሩ ቀለም ስለለቀቀ እንደ አዲስ ላስቀባው አስቤአለሁ። ከዚህ በኋላ ሌሎች አሮጌ ፓምፖችም መሰብሰብ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፤ ጥሩ ዕቃ ነው የገባልህ። ከሦስተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። አታስቀባው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ብቻ ብርጭቆ ወረቀቱን ከቤት አውጣው።

አሁን ወደ መነቃነቁ። ሞዴል 12 ለሁለት የሚፈታ ጠመንጃ ነው። ከፊት በኩል በርሜሉ፣ የጥይት ቱቦውና የፓምፑ እንጨት አንድ ላይ ይወጣሉ። ከኋላ አካሉና ሰደፉ ይቀራሉ። ሁለቱን የሚያያይዛቸው በየመሃሉ የተቆረጠ ጥርስ ነው፤ ሩብ ዙር ስታዞረው ይነክሳል። የድሮ ተኳሾች ወደ ሜዳ በሄዱ ቁጥር ይፈቱት፣ በሻንጣ ይይዙት፣ መልሰው ይገጥሙት ነበር። ሃምሳ፣ ስልሳ ዓመት እንዲህ ሲደረግ ጥርሱ ይበላል።

ደስ የሚለው፣ የሠሩት ሰዎች ይህን አስቀድመው አውቀውታል። ስለዚህ ማስተካከያ ቀለበት አስገቡበት።

መጀመሪያ ባዶነቱን አረጋግጥ። መዝጊያውን ከፍተህ በዓይንህ እይ፣ በትንሽ ጣትህ ዳስስ። ቱቦውንም አትርሳ፤ ብዙ ሰው ቻምበሩን፣ ማለትም ጥይቱ የሚተኮስበትን የበርሜሉን የኋላ ጫፍ፣ አይቶ ቱቦ ውስጥ የተኛውን ጥይት ይረሳል። ከዚያ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ፒን ግፋ፣ ቱቦውን ሩብ ዙር አዙር፣ ከፓምፑ ጋር ወደ ፊት ሳበው። ቀጥሎ በርሜሉን ሩብ ዙር አዙረህ አውጣው።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ካቻቢቴ ይሮጣል። ተው። በመጀመሪያ ጥርሶቹን እጠብ። የደረቀ ዘይት እንደ ሙጫ ይሆናል፤ በርሜሉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክለዋል። አንድ ጊዜ «ላላብኝ» ተብሎ የመጣልኝ ጠመንጃ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በትንሽ መፍቻ ፈሳሽ ብቻ ተስተካክሎ ተመልሷል። ገንዘብ መቀበል አፍሬ ቡና ተጋብዤ ቀረሁ።

ካጠብከው በኋላም ከነቃነቀ፣ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ጫፍ እይ። ዙሪያውን ጎድጎድ ያሉ ቁረጦች ያሉበት ቀለበት አለ። አንዲት ትንሽ ብረት ከቁረጦቹ በአንዱ ውስጥ ገብታ ትይዘዋለች፤ እሷን ደግሞ አንዲት ትንሽ ብሎን ትይዛታለች። ብሎኗን ፍታ፣ ብረቷን አንሳ፣ ቀለበቱን አንድ ቁረጥ ብቻ አዙር፣ ብረቷን መልስ፣ ግጠምና ሞክር። የባሰ ከላላ አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወደ ሌላው አዙር።

ስለዚያች ብሎን አንድ ነገር ልንገርህ። ከቤት ዕቃ ሳጥን ያገኘኸውን ካቻቢቴ አትጠቀም። ጫፉ የብሎኗን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ መሆን አለበት። እኔ ጀማሪ እያለሁ በቀጭን ካቻቢቴ ታግዬ የአንዷን አናት ቀደድኩት። እስከ ዛሬ የጠመንጃው ባለቤት ሲያየኝ ያቺን ብሎን ያነሳብኛል። እምቢ ካለችህ ዘይት ጠብ አድርግና እስከ ነገ ተዋት። ጠመንጃውን በሞርሳ አትጨብጠው።

ልክ ሲሆን በምን ታውቃለህ? በርሜሉ በእጅ ኃይል ብቻ፣ ጠበቅ ብሎ መዞር አለበት። መዶሻ ከፈለገ በዝቷል፤ አንድ ቁረጥ መልስ። ቀጥሎ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አስገባና ዝጋ። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው።

ቀለበቱ መጨረሻው ቁረጥ ላይ ደርሶ አሁንም ከነቃነቀስ? ያኔ የእኔና የአንተ ምክክር አይበቃም። በርሜሉ በላላ ቁጥር ከመዝጊያው ይርቃል፤ ጥይቱም በሚፈነዳበት ጊዜ ከኋላው ክፍተት ያገኛል። ምልክቱን በተተኮሰ ቀፎ ላይ ታየዋለህ። መሐሉ ላይ ያለችው ክብ ካፕሱል ወደ ኋላ ወጣ ብላ ከቀፎው አናት ካበጠች፣ መተኮስ አቁም። ለባለሙያ ውሰደው፣ በመለኪያ ይለካልህ።

እግረ መንገድህን ቁጥሮቹን አስተያይ። ተከታታይ ቁጥሩ በአካሉ ሥር ከፊት በኩል ተመቷል፤ በበርሜሉ በኩል ባለው መያዣ ሥርም አለ። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። ካልተመሳሰሉ በርሜሉ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ያለ ልኬት የተገጠመ በርሜል የመነቃነቁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዋጋውንም ይቀንሳል፤ ሽማግሌው ግን ሳያውቁ ገዝተውት ሊሆን ይችላልና አትቀየማቸው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። አልተበላሸም። ሲሠራም እንዲሁ ነው። ሞዴል 12 ቃታው ሳይለቀቅ መዝጊያው ሲዘጋ እንዳይመታ የሚያግድ ክፍል የለውም። ታላቅ ወንድሙ ሞዴል 1897ም እንደዚሁ ነው። በ1950 የወጣው ሬሚንግተን 870 ግን ማገጃ አለው። ስለዚህ በ870 ተለማምዶ ወደ 12 የሚመጣ ሰው ይደነግጣል። ሜዳ ላይ አንድ ጥይት ብቻ አስገባ፤ መዝጊያው እስኪዘጋና አፈሙዙ ወደ ዒላማው እስኪዞር ጣትህ ከቃታው ይራቅ። ለሌላ ሰው ስታውሰው ይህን ሳትነግረው እንዳትሰጠው።

አሁን ቀለሙ። ሞዴል 12 ከ1912 እስከ 1964 አካባቢ በኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ተሠርቷል፤ ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። የነደፈው ቶማስ ክሮስሊ ጆንሰን ነው። አካሉ ከተቀጠቀጠ ብረት በማሽን እየተፈለፈለ የወጣ ነው፤ ምርቱ የቆመውም በዚሁ ምክንያት ወጪው ስለከበደ ነው። ያ ብረት ለዳግም ቀለም አስቸጋሪ ነው። በርሜሉ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ አካሉ እንደ ወይን ጠጅ ሐምራዊ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያሳዝነው ግን ከቀለሙ በፊት ያለው ሙረዳ ነው። ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ጠርዞቹ ይከበባሉ። ሰብሳቢ ይህን ከሩቅ ያያል። ሽማግሌው እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ የለቀቀ ቀለም ዕድሜ ነው፤ ዝገት አይደለም። ዝገት ካለ በዘይት በራሰ ለስላሳ ጨርቅ አባብለህ አንሳው። በቃ።

ስለ መተኮሱ። በርሜሉ ላይ «ፉል» ተብሎ ከተጻፈ አፉ የጠበበ ነው። የእርሳስ ፍሬ ብቻ ተጠቀም፤ የብረት ፍሬ እንዲህ ላለ አሮጌ በርሜል አይሆንም። ለትራፕ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም የሚሆን፣ ፍሬው ቁጥር 8 የሆነ ለስላሳ ጥይት ይበቃሃል። ከ16 ያርድ ላይ 25ቱን የሸክላ ዒላማ ለመስበር ከዚያ በላይ ኃይል አያስፈልግም። ትከሻህም ያመሰግንሃል።

መሰብሰቡን በተመለከተ፣ አባቶቻችን ከፈረንሳይ የመጣውን ግራስ «ውጅግራ»፣ ከቤልጂግ የመጣውን «በልጅግ» ብለው ለየብቻ ለይተው ያውቁ ነበር። አንተም እንደዚያ ዓይንህን አሠልጥን። ባለ ውጭ መዶሻው፣ ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር ሞዴል 1897፣ ፓምፑ ቅቤ ላይ እንደሚንሸራተት የሆነው ሬሚንግተን 31፣ ቀፎውን ከሥሩ የሚጥለው ኢታካ 37። እነዚህን ሦስቱን በእጅህ ሳትይዝ አራተኛ አትግዛ። የእኔ ምርጫ 31 ነው፤ ሰው ሁሉ 12 ሲል እሱ ተረስቶ በተሻለ ዋጋ ይገኛል። ሞዴል 12 ሆኖ ቁጥሩ በ«ዋይ» ፊደል የሚጀምር ካየህ፣ በ1970ዎቹ እንደገና ከተሠሩት ነውና እንደ ጥንቱ አትክፈልበት። ባለ 16 ጌጅ አሮጌ ካገኘህ ደግሞ ቻምበሩን አስለካ፤ ብዙዎቹ 2 ከ9/16 ኢንች ናቸው፣ የዛሬው ጥይት ግን 2¾ ነው።

ስትገዛ ሁለት ቀላል ዕቃ ያዝ። አንዱ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ነው። መዝጊያውን ዘግተህ በአፈሙዙ አስገባው፣ መዝጊያውን ሲነካ ምልክት አድርግና ለካ። 30 መሆን ሲገባው 28 ከሆነ አንድ ሰው በመጋዝ ቆርጦታል። ሌላው አንድ ዳይም፣ የአሜሪካ አሥር ሳንቲም፣ ነው። በ12 ጌጅ ፉል አፈሙዝ ላይ አስቀምጠው። ላዩ ላይ ከቆመ ጥሩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ አፉ ተከፍቷል፤ እውነተኛውን ግን በመለኪያ አስለካ።

50 ዓመት የሞላቸው ጠመንጃዎች በፌዴራሉ ሕግ ለሰብሳቢ በተለየ ፈቃድ ይገኛሉ። ክፍያው ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው፣ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ከሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከኤቲኤፍ ታወጣዋለህ። ሌላ ግዛት ሄደህ ስትገዛ ይጠቅምሃል።

የትራፕ ትልቁ ውድድር ግራንድ አሜሪካን ድሮ እዚያው አጠገብህ ቫንዳሊያ ነበር። ከ2006 ጀምሮ ግን ስፓርታ፣ ኢሊኖይ ሆኗል፤ በነሐሴ ነው። የቆየ ጠመንጃ የሚሸጡ ሰዎች ተደርድረው ታገኛለህ፤ ጠይቀህ ካስፈቀድክ በእጅህ ያስይዙሃል። ዳይምህን እንዳትረሳ። የቁጥሮቹን ነገር ደግሞ አስተያይተህ ጻፍልኝ።