መልስ፦ ደሞዝ ትቶ ዓሣ ንግድ መግባት

ወንድሜ፣ «ባሕር ዳር በግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ልልቀቅና የዓሣ ፊሌቶ መሸጫ ልክፈት? ቤተሰቦቼ የወር ደሞዝ አይጣልም ይሉኛል» ብለሃል። የቤተሰቦችህን ቃል አትናቀው። ደሞዝ በጾምም በፍስክም እኩል ይገባል። ዓሣ ግን በሁዳዴ ገዢው ይበዛል፣ ፋሲካ ሲገባ ሰው ወደ ሥጋ ይዞራል፤ ኪራዩ ግን አይቀንስም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥራ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቆዳው ተገፎ አጥንቱ ሲወጣ የሚቀርህ ሥጋ፣ ማለትም ፊሌቶው፣ የክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ሙሉውን ኪሎ በ100 ብር ብትገዛ፣ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ የዓሣው ወጪ ብቻ 300 ብር ይደርሳል። በረዶ፣ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደሞዝና ግብር ገና አልተነኩም። ጀማሪ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ በሙሉው ዓሣ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ ይሸጣል።

ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ሆድ ዕቃው ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በባሕር ዳር ሙቀት ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዝ፤ በረዶ፣ ዓሣ፣ በረዶ እያልክ ደርድር። ሣጥኑ ከሥር ቀዳዳ ይኑረው፤ የቀለጠው ውሃ ከተጠራቀመ ዓሣው ቶሎ ይበላሻል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈት።

እኔ የምመክርህ ሥራህን ሳትለቅ ለሁለት ሦስት ምግብ ቤቶች በትእዛዝ እንድትጀምር ነው። ክፍያው በዕለቱ ይሁን፤ ዱቤ የነገውን መግዣ ይበላብሃል። ንግዱ የጾሙንም የፍስኩንም ወቅት ከተሻገረ ያን ጊዜ ልቀቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ፤ አሠሪህ የሚከፍልልህ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንደሚቆም አስበህ ከትርፍህ ለራስህ አስቀምጥ።