የተበላ ብሎን በሰማይ ላይና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄ ዘነበብኝ። የጅማም ዝናብ ከቤት ስላላስወጣኝ ለአራቱ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በ1990 የወጣ ዕቃ እስካሁን ሲሠራ ማን ነው የሚጠግነው?» የባጃጅ መካኒክ፣ ከሄርማታ

ወንድሜ፣ ጋራዡ ራሱ ነው የሄደለት። ጠፈርተኞች ከ1993 እስከ 2009 አምስት ጊዜ ወጥተው ጠግነውታል። አንተን የሚጥምህ የመጨረሻው ጉዞ ነው። ማይክ ማሲሚኖ በ2004 ሥራ ያቆመ አንድ መሣሪያ ውስጥ የኃይል ክፍሉን ሊቀይር ሄደ። መንገዱን የዘጋው የእጅ መያዣ ነበር፤ እሱን ሲፈታ አንዱ ብሎን ተበላ! አንተ ብትሆን መሮና መዶሻ ታነሳለህ። እዚያ ግን አንዲት ስባሪ ብትበተን ጣጣ ናት። መሬት ያሉት ባለሙያዎች በተመሳሳይ መያዣ ላይ ሞክረው ስንት ጉልበት እንደሚፈጅ ለኩለት። እሱም በፕላስተር ሸፍኖ በእጁ ጎትቶ ገነጠለው። ከሥሩ ደግሞ ከመቶ በላይ ጥቃቅን ብሎን ይጠብቀው ነበር።

«ጃይሮስኮፕ ሲሞት ለምን ይህን ያህል ይወራል?» ተማሪ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ

ቴሌስኮፑ ወዴት እንደዞረ የሚነግረው እሱ ስለሆነ ነው። ውስጡ በደቂቃ 19,200 ጊዜ የሚሽከረከር ጎማ አለ፤ ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ በተነከሩ፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች ነው። ፈሳሹ ሽቦዎቹን ቀስ እያለ ይበላቸዋል፤ ከዚያ ብጥስ። በ1999 ከስድስቱ ጃይሮስኮፖች አራቱ ሞተው ጥገናው እስኪደርስ ከወር በላይ ሥራ ፈትቶ ነበር። በ2009 ስድስት አዲስ ተገጠሙ፤ በ2024 ደህና የቀሩት ሁለት ብቻ። ስለዚህ በአንዱ ይሠራል፣ ሌላው መጠባበቂያ ነው። ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው ለመዞር ጊዜ ይወስድበታል፤ ከማርስ ይልቅ ወደ መሬት ቀርቦ የሚንቀሳቀስ ነገርም መከተል አይችልም። እኔ ግን ትክክል አድርገዋል እላለሁ። ሁለቱንም አብሮ ማስኬድ ሁለቱንም አብሮ ማስረጀት ነበር።

«አዲሱ የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ ጄምስ ዌብ፣ እያለ ሃብልን ለማቆየት ምን ያደክማቸዋል?»

ዌብ የሚያየው በዋናነት ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ከቀይ ወዲያ ያለውን ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን ነው። ከሐምራዊ ወዲያ ያለው የማይታይ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌቱ፣ የሃብል ነው። ደግሞ ዌብ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ ቢበላሽ ጠጋኝ አይደርስበትም።

«ልጄ፣ ወርዶ ቡናችን ላይ አይወድቅም?» አንዲት እናት፣ ከጂሬን

እማማ፣ ለጊዜው አይስጉ። እርግጥ ስስ አየር እየጎተተው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከነበረበት ወደ 500 ገደማ ወርዷል። ከፍ የሚያደርጉት መንኮራኩሮችም በ2011 ጡረታ ወጥተዋል። ግን በእርስዎ ሰማይም ያልፋል። ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ሳይብለጨለጭ ቀስ እያለ የሚሄድ ኮከብ ካዩ እሱ ሊሆን ይችላል። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ጥሩ ይታያል፤ በዚህ ደመና ግን አይልፉ፣ ጥቅምት ላይ ይውጡ።