ላ አልቤርካ ከሄዳችሁ እዚያው እደሩ

አንዲት እህታችን «ከማድሪድ ተነስተን ላ አልቤርካን በአንድ ቀን አይተን መመለስ እንችላለን? ልጆቹስ ይወዱታል?» ብላ ጠይቃለች። ላ አልቤርካ በስፔን ሳላማንካ አውራጃ ያለ የተራራ መንደር ነው። እኔ ሳላማንካ ከተማ ስለምኖር ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

በአንድ ቀን መመለስ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። መንገዱ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሳላማንካን አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሜዳው ያበቃና ሲዬራ ዴ ፍራንሲያ የሚባለው ተራራ ይጀምራል። መንደሩ ከ1,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ተራራው ከአትላንቲክ የሚመጣውን ዝናብ እዚያው ይዞ ስለሚያስቀር ዙሪያው በኦክና በቼስትነት ዛፍ የተሞላ ነው። ቤቶቹ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ናቸው። ፎቆቹ ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ስላሉ በጠባቡ ጎዳና ጣሪያ ከጣሪያ ሊነካካ ይደርሳል። በ1940 ከስፔን መንደሮች መጀመሪያ በቅርስነት የተመዘገበው ይኸው ነው።

ልጆቹ የሚወዱት አሳማውን ነው። በየዓመቱ አንድ አሳማ ጁን 13 ተባርኮ መንደሩ ውስጥ ይለቀቃል። ከዚያ በየመንገዱ እንደልቡ ይዞራል፤ ሕዝቡ ያበላዋል። ጃንዋሪ 17፣ በአባ እንጦንስ በዓል፣ በዕጣ ይወጣል። ድሮ ለድሃ ቤተሰብ ነበር የሚሰጠው። በስፔን ፀደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ከሄዳችሁ ግን የምታገኙት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የድንጋይ አሳማ ብቻ ነው።

እደሩ የምላችሁ በደወሉ ምክንያት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጎብኚው ከሄደ በኋላ፣ አንዲት ሴት ደወል ይዛ ትወጣለች። በየማዕዘኑ ቆማ ትደውላለች፤ ለሙታን ነፍስ ጸልዩ ትላለች። ክረምት ከበጋ፣ በየቀኑ ነው። ስታልፍ ዝም በሉ፤ ካሜራም ፊቷ ላይ አትደቅኑ። ለእነሱ ጸሎት ነው።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቁ። የአካባቢው መተዳደሪያ የአሳማ ሥጋ ነው፤ «ፓታታስ ሜኔያስ» የሚሉት የድንች ምግብ እንኳን አሳማ አለበት። የማትበሉ ከሆነ «ካብሪቶ» እዘዙ፣ የፍየል ግልገል ነው።

በማግስቱ ወደ ፔኛ ዴ ፍራንሲያ ውጡ። ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ በ1434 የእመቤታችን ምስል ተገኘበት የሚባል ገዳም አለ። በረዶ ካለ ግን መንገዱን ቀድማችሁ አጣሩ።

ከቻላችሁ ኦገስት 15 እና 16ን ምረጡ። በመጀመሪያው ቀን የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ። በማግስቱ የመንደሩ ሰው ራሱ ተዋናይ ሆኖ መልአክ ሰይጣንን ሲያሸንፍ የሚያሳይ ድራማ አደባባይ ላይ ይቀርባል። ያኔ ማደሪያ ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ያዙ።