«ዓርብ ማታ ሲደርስ ልጄን ሆዷን ያማታል»

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 12፣ ሴቷ 7 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ተራራ ይወጣል። እንጦጦ፣ የረር፣ አንዴ ደግሞ ዝቋላ ሄደዋል። መጀመሪያ ከስልክ ይላቀቁልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን በዚሁ ጉዳይ እየተጣላን ነው። ትንሿ ሲደክማት «ወንድምሽን አታይውም?» ይላታል። እንጦጦ ላይ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን እያሳየ «እነሱ ይህን ሁሉ ተሸክመው ይሄዳሉ፣ አንቺ ባዶ እጅሽን አቃተሽ?» ብሏታል። በቀደም «አልነሳም» ብላ ስትቀመጥ ጥሏት የሄደ መስሎ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ ሆዷን ያማታል። «ትቅር» ስለው «ያሞላቀቅሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ በሷ ዕድሜ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግሬ ነበር የምሄደው» ይለኛል። ላስቀራት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሆዷ ልጀምር። አንዴ ሐኪም ይያት። ምርመራው ምንም ካላሳየ ግን «ዋሽታ ነው» እንዳትሉ። የሰባት ዓመት ልጅ «ነገ ስለሚሆነው ሳስብ እጨነቃለሁ» ብላ አታስረዳሽም። ጭንቀቷ ሆዷ ላይ ይወጣል፣ ሕመሙም የእውነት ነው። የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጊ። ጉዞ በሌለበት ሳምንት ዓርብ ማታ ደህና ከሆነች፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ አንቺም እሱም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አንጀቴን የበላው የዛፉ ነገር ነው። ለአባቷ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። እሱ ከግንዱ ጀርባ ሆኖ ያያታል፣ ምንም እንደማትሆን ያውቃል። እሷ ግን ይህን አታውቅም። የምታየው ባዶ መንገድ ነው። ዙሪያዋ ረጃጅም ባሕር ዛፍ ነው፣ ነፋሱ ይጮኻል፣ አባቷ የለም። ብዙ ወላጆች ልጅን ለማስነሳት ይህን ያደርጋሉ፣ ክፋት አስበውም አይደለም። ልጅቷም ተነስታ ስለምትሮጥ ሠራ ብለው ያስባሉ። የሮጠችው ግን ፈርታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራ ማለት ለሷ «አባቴ ጥሎኝ ሊሄድ የሚችልበት ቦታ» ሆኗል። ጉልበቷን ብናጠነክር፣ ጫማ ብንቀይርላት ይህ አይለቃትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የባለቤትሽ ነው። ቤት ውስጥ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቁጢጥ ብሎ ዓይኗን እያየ እንዲህ ይበላት፦ «የዚያን ቀን ተደብቄ አስፈራሁሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ አልደበቅም፣ ጥዬሽም አልሄድም።» በቃ። «ግን አንቺም ብትነሺ ኖሮ» የምትል ጭራ አይቀጥልበት። አባት ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚል ፍርሃት አለን። እኔ በሥራዬ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። አባቱ ይቅርታ የጠየቀው ልጅ አባቱን ያምናል።

አሁን ስለ እሱ ላንሳ። እባክሽ ጨካኝ አድርገሽ አትይው። የሳምንቱን አንድ ዕረፍት ቀን ለልጆቹ የሰጠ አባት ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ እንዲጠፋ አልፈልግም። ያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድም ለሱ ክብሩ ነው፤ በጠብ መሀል አትንኪበት። ይልቅ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና ላይ ጠይቂው። «ትምህርት ቤት ከማን ጋር ነበር የምትሄደው? መንገድ ላይ ምን ታደርጉ ነበር?» በይው። ገጠር አድገው እንዲህ የሚሉኝን አባቶች ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ፊታቸው ይፈካል። ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሯሯጡ ነበር የሚሄዱት። አጋም፣ ቀጋና እንጆሪ እየለቀሙ፣ ወንዝ ሲያገኙ እግራቸውን እየነከሩ። ሰዓት የሚይዝባቸው አልነበረም። ከኋላ ቆሞ «እስኪ ወንድምህን እየው» የሚል አባትም አልነበረም። ባለቤትሽ መንገዱን የቻለው በጥንካሬው ብቻ አይደለም፣ ጨዋታም ስለነበረ ነው። ለልጁ የሰጣት ዳገቱን ብቻ ነው፤ ጨዋታውን ረስቶታል። ራሱ ሲያወራው ትዝ ይለዋል። አንቺ ከነገርሽው ግን ክርክር ይሆናል።

ማገዶ ስለተሸከሙት ሴቶች አንድ ነገር ልበል፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የነዚያ እናቶች ሸክም የልጅ ማሳፈሪያ መሆን የለበትም። እነሱ ያን ዳገት የሚወጡት ለመዝናናት አይደለም፣ እንጀራ ሆኖባቸው ነው። ልጅቷ ከዚያ ንግግር የቀራት «እኔ የማልረባ ነኝ» የሚለው ነው። ሲመጡ መንገድ ይልቀቁላቸው፣ «እንደምን ዋላችሁ እናቶች» ይበሉ። ልጅቷ ከጠየቀች እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ ይንገራት። ሰው ማክበርን ያኔ ትማራለች።

ልጁንም አትርሱት። 12 ዓመቱ ነው፣ እህቱ የምትገረፍበት አለንጋ ሆኗል። ዛሬ ምስጋና ቢመስለውም፣ እሱ ራሱ የደከመው ቀን «ደከመኝ» ለማለት አፉ ይያዛል። በወር አንድ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ለብቻቸው ጠንካራውን ተራራ ይሂዱ። ዝቋላ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ እንደየረር ሁሉ ዳገቱ ለሱ ዕድሜ ደስ ይላል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ሙሉ ቀን ፈተና ነው። እንጦጦም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታውን ቢለምደውም ዳገት ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል። ትልቁ አንድ ጊዜ ሲራመድ ትንሿ ሁለቴ ትራመዳለች። እኩል መንገድ ሄደው እኩል አልደከሙም።

ከትንሿ ጋር ሲሆን ቀለል ያለ ቦታ ይምረጥ። እንጦጦ ፓርክ ውስጥ የተሠሩት መንገዶች አሉ። መናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ዘሩ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ደን መጥቶ እንደተዘራ ይነገራል። እዚያ ትልልቅ ጽድ ሥር ቆሞ ጉሬዛ መፈለግ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። እኔ ልጄን ስድስት ዓመቷ ላይ እዚያ ወስጃት ነበር። ገና ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳንሄድ የጉንዳን ሰልፍ አግኝታ ቁጭ አለች። አንዷ ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ የቅጠል ቁራጭ ትጎትታለች። ቁራጩ ድንጋይ ይዞት ይቀራል፣ ትዞራለች፣ በሌላ በኩል ትስባለች። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ታያታለች። እኔ ሦስት ጊዜ «እንሂድ» ብያለሁ። አራተኛውን ስጀምር ዝም አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያሰብነው ቦታ አልደረስንም። ማታ ለአያቷ ስትተርክ ግን ያቺን ጉንዳን ነበር የተረከችው። ልጆች እንዲህ ነው የሚሄዱት፤ ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጨርሶ አታስቀሪያት፣ ዝምም አትበይ። ለአንድ ወር ትረፍ። ይቅርታው በዚያ ወር ውስጥ ይሁን። ከዚያ ትመለስ። ፍርሃት ከሸሸነው ይተዋል ብለን እናስባለን፤ ግን በሸሸነው ቁጥር ያድጋል። ለዘለቄታው ከቀረች «ተራራ የወንድሜና የአባቴ ነው፣ እኔ አልችልም» ብላ ትዘጋዋለች። አንቺም በፊቷ «ትቅር፣ አትችልም» ያልሽባቸው ቀናት ካሉ፣ ልትከላከይላት ብለሽ ይህንኑ እየነገርሻት ነበር። ስለሷ መነጋገር ካለባችሁ ተኝታ ይሁን።

ስትመለስ ከፊት የምትሄደው እሷ ትሁን፣ ሌላው በሷ እርምጃ ይከተል። ስልኩ ላይ ያለው የእርምጃ ቆጣሪ ይጥፋ። «እንመለስ» የማለት መብት ይሰጣት፣ ስትል ያለ ጥያቄ ይመለሱ። ባለቤትሽ «ታዲያ ገና መኪናው ሳይርቅ ትላለቻ!» ሊልሽ ይችላል። አንዴ ትሞክረው ይሆናል፣ ልታምነው ስለምትፈልግ። ያን ቀን ሳይቆጣ ከተመለሰ፣ በቀጣዩ ጉዞ የምትርቀውን አይቶ ይገረማል። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በጠዋት መነሳት፣ ኮፍያ፣ ብዙ ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብርቱካን። ቀጋና አጋሙን ለመልቀም ግን የሚያውቅ ሰው ያሳያቸው፣ እሱም አባታቸው ይሁን።

የመጀመሪያውን ቀን አንቺም አብረሽ ሂጂ። ከትንሿ ትንሽ ራቅ በይ፣ ከልጁ ጋር አውሪ። ስትደክም ዞር ብላ ወደ አንቺ ልታይ ትችላለች። ቶሎ አትድረሺላት። አባቷ ምን እንደሚላት ትስማ።

ሁለት ወር ሞክሩትና ጻፊልኝ። ከይቅርታውም በኋላ የዓርብ ማታው ሕመም ካልተዋት፣ ወይም ትምህርት ቤት መሄድና ብቻዋን መተኛት መፍራት ከጀመረች ግን ሁለት ወሩን አትጠብቂ። ከልጆች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ውሰጃት፣ አባቷም አብሮ ይምጣ።