ለእንጨት ሥራ ወጣቶች፦ ዕቃችሁ ከባዛር ተጎድቶ ሲመለስ

ልጆቼ፣

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚያወጣው መንገድ ዳር መጋዝና መላጊያ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከእናንተ አንዱ ባዛር ላይ ቆሞ የተጎዳ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ተሸክሞ ይመጣና «ጋሼ፣ በምን ልድፈነው?» ይለኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከመድፈንህ በፊት ገልብጠህ እየው።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በወጣትነቴ ለገና ባዛር የዋንዛ ረከቦት ሠርቼ ሰጠሁ። ከሚያቃጥል አምፖል ሥር አቁመውት ሰነበቱና ሲመለስ ላዩ ከዳር እስከ መሃል ተሰንጥቋል። አዘጋጆቹን ረግሜ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቼ፣ ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ደርቤ ሸጥኩት። ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ስቱኮውን ገፋው፤ በጥቅምት ደርቆ ሲሰበሰብ ስቱኮው ተፈርፍሮ ረገፈ። የገዙኝ እናት ይዘውት መጡ። አልጮኹብኝም። መሬት ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

የዚያን ቀን ገለበጥኩት። ላዩን ከሥሩ ፍሬም ጋር በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲረጥብ ይሰፋል። አምፖሉ አደረቀው፣ ሊሰበሰብ ሲል ብሎኖቼ ያዙት፣ መሄጃ ሲያጣ ተቀደደ። አምፖሉ ባይኖር እንኳ የአንድ በጋ ፀሐይ ያንኑ ያደርገው ነበር።

ብሎኖቹን ፈትቼ ላዩን ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ሦስት ሳምንት አሳረፍኩት። ስንጥቁ ግማሽ ያህሉ በራሱ ገጠመ። ለቀረው፣ ከዚያው ግንድ የተረፈ ቁራጭ ነበረኝና ቀጭን ሽብልቅ ላጥኩለት። በሽብልቁ እንጨት ላይ የሚታየው የተፈጥሮ መስመር ከላዩ መስመር ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ቀለማቸው መግጠሙን ለማየት አውራ ጣቴን አርጥቤ ሁለቱንም አሻሸሁ፤ እንጨት ቫርኒሽ ሲቀባ የሚያመጣውን ቀለም ሲረጥብ አስቀድሞ ያሳያል። ከዚያ ነጭ ኮላ በወረቀት ጠርዝ ወደ ስንጥቁ አስገብቼ ሽብልቁን በጣቴ ገፋሁት። በመዶሻ እንዳትሞክሩት፤ ስንጥቁን ያስረዝመዋል። በማግስቱ ትርፉን በተሳለ መሮ ከላዩ ጋር እኩል አደረግኩ። በመጨረሻም የብሎኖቹን ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጌ አሰፋሁት፣ ላዩ እንደልቡ እንዲወጣና እንዲገባ። ጥገናው ይኸኛው ነው፤ ሽብልቁ ለዓይን ነው።

እኛ ሰፈር ብርዱን አትናቁት። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይዝም፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ረፋዱ ላይ አጣብቁ፣ በሞርሳ ወይም ከጎማ ውስጥ በሚወጣ ላስቲክ እሰሩት፣ ሲመሽ ቤት አስገቡት።

ጎብኚ እርጥብ ብርጭቆ አስቀምጦ ነጭ ቀለበት ቢተው አትደንግጡ፤ እርጥበቱ ያለው ቫርኒሹ ውስጥ ነው፣ ጥቂት ቀን ጠብቁት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷልና መላግ ግድ ነው።

ከሠራችሁት ዕቃ ሁሉ አንድ ቁራጭ አስቀሩ፣ የዕቃውን ስም በእርሳስ ጻፉበት። ዋንዛ ዛሬ እንደልብ አይገኝም፣ ቢገኝም የሌላ ዛፍ ዋንዛ ቀለሙ ይለያል። ለባዛር ስታስረክቡም ዕቃውን ከላይም ከታችም ፎቶ አንሱት፤ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል በወረቀት ተፈራረሙ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ብዙ ከስሬያለሁ።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን ለገዢው እንድትነግሩት ነው። ረከቦቱን ለእኚያ እናት መልሼ ስወስድላቸው ገልብጬ ሞላላዎቹን ቀዳዳዎች አሳየኋቸው፣ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳቸው። ገንዘባቸውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ላዩን በመዳፋቸው ደባበሱት። ሽብልቁ የት እንደገባ እስኪያገኙት ብዙ ቆዩ።