ኬኩ አልተበላሸም፣ እንዳትጥዪው!

እህቴ፣ «ከስኳር ነፃ ኬክ ጋገርኩ፣ ናና የሚባል አልነካውም፣ ግን ክሬሙን ስቀምስ አፌን በረደኝ፣ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። አልተበላሸም። እኔ ጥዬዋለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

1. የማጣፈጫውን እሽግ ገልብጠሽ አንብቢ። ኤሪትሪቶል ወይም ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ካለበት መልሱ እሱ ነው። የኔ ኤሪትሪቶል ነበር። እናቴ ስኳር ስላለባት ለልደቷ ብዬ ሁለት ቀን የለፋሁበት ኬክ ነው። ክሬሙን የቀመሰ ሁሉ «ናና አለበት እንዴ?» ይለኛል። የለበትም! መድኃኒት ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል ብዬ ደነገጥኩና ሙሉውን ጣልኩት። በማግስቱ እሽጉን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ችግሩ ምላስሽ ነው» አለኝ። ያውም ሰው ፊት። በጣም ተናድጄ ቤት ገባሁ።

2. እኔ ያን ቀን ያደረግኩትን አንቺም አድርጊ። ቤት ውስጥ የዋለ ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ ቅጂ። ሦስት አራት ማንኪያ ኤሪትሪቶል ጨምረሽ እያማሰልሽ ብርጭቆውን በእጅሽ ያዢው። ይቀዘቅዛል! እጄ ላይ ሲታወቀኝ ጮህኩ፣ ምላሴ ምንም አልሆነም። ነገሩ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል፣ አፍ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የሚስበው ከምራቅሽ ነው። 1 ግራም ኤሪትሪቶል ሲሟሟ 180 ጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይወስዳል፣ ተራ ስኳር ግን 18 ገደማ ብቻ። ለዚህ ነው ስኳር ስንበላ የማይታወቀን።

ናና ግን ሌላ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው። ናና ውስጥ ያለው ሜንቶል አፍሽን አያቀዘቅዝም። ቅዝቃዜን ለአንጎል የሚያሳውቅ ቲአርፒኤም8 የሚባል ተቀባይ ነርቫችን ላይ አለ፣ ሜንቶል እሱን ይቀሰቅሰዋል። ተቀባዩን እ.ኤ.አ. በ2002 ለየብቻ ካገኙት ሳይንቲስቶች መካከል ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 ኖቤል ተሸልመዋል። የናና ሻይ እያቃጠለሽ ጉሮሮሽን ቀዝቀዝ የሚልሽ በዚህ ነው።

3. እንዲልም ብለሽ ደግሞ እንዳትፈጪው። ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነበር። ሲልም ቶሎ ይሟሟል፣ ቅዝቃዜው ይብሳል። አስቀድሞ የሟሟ ግን አፍ ውስጥ ድጋሚ ሙቀት አይስብም። ስለዚህ መጠኑን ቀንሺና በሞቀ ወተት በደንብ አሟሚው። ካበዛሽው ፍሪጅ ውስጥ ተመልሶ ይጠጥራል፣ ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካልኝ፣ እናቴ ሁለት ቁራጭ በላች፣ ስለ ናናም የጠየቀኝ የለም።

እሽጉ ላይ ዛይሊቶል የሚል ካገኘሽና ውሻ ካለሽ፣ ፍርፋሪ እንኳ እንዳታስቀምሺው። ለውሻ መርዝ ነው።