ገበሎውን ከነድንጋዩ አንሡት

በቅርቡ አንዲት ወጣት አንባቢ «እንሽላሊቱ ፎቶግራፉን ሙሉ በሙሉ እንዲሞላው ምን ያህል ልቅረበው?» ስትል ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነበር፤ ዳሩ ግን በወጣትነቴ እኔም ከዚህ ሌላ ጥያቄ ስላልነበረኝና ምን እንዳስቀረብኝም ስለማውቅ፣ መልሱን ለእርሷም ለእናንተም ዘርዘር አድርጌ መጻፍን መረጥሁ።

ለረጅም ዘመን በአንድ የምርምር ተቋም የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለደመወዜ የማነሣው ትልልቆቹን አጥቢዎች ነበር፤ ለራሴ ደስታ የማነሣው ግን ከመኖሪያዬ በእግር በሚደረስበት አንድ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ የሚኖሩትን ገበሎዎች ነበር። አውራው ወንድ ራሱ ብርቱካናማ ቀይ፣ ገላው ሰማያዊ ሆኖ ከሁሉም ከፍ ያለውን ድንጋይ ይይዛል፤ በፊት እግሮቹ ከፍ ዝቅ እያለ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቡናማዎቹ ሴቶችና ገና ቀለም ያላወጡት ወጣት ወንዶች ከእርሱ ዝቅ ብለው በስንጥቆቹ አፍ ይውላሉ። ፀሐይ ድንጋዩን ሳታሞቀው ቀድሜ ከደረስሁ አውራውም ደብዛዛ ቡናማ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ቀለሙ እየደመቀ የሚመጣው ሙቀት ሲያገኝ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከታችኛው ቋጥኝ ሌላ ወንድ ብቅ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተገትረው፣ ጉሮሯቸውን ነፍተው ጥቂት ቆዩና በጅራታቸው ይገራረፉ ጀመር። መጤው ሲሸነፍ የራሱ ቅላት ዓይኔ እያየ ከስሞ፣ ቡናማ ሆኖ ወደመጣበት ወረደ። ካሜራው በእጄ ነበር፤ ነገር ግን ከነበርሁበት ርቀት ሁለቱ ተደምረው የክፈፉን ሩብ እንኳ ስለማይሞሉ አንድም ጊዜ አልተጫንሁትም። ጠቡ ካለቀ በኋላ በደረቴ ተስቤ ሄጄ የአሸናፊውን ፊት አነሣሁት፤ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የሚቆጠርበት፣ ከኋላው ያለው ነገር ሁሉ የደበዘዘበት ምስል ወጣ። ያ ምስል በኤግዚቢሽን ተሰቅሎልኛል፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም እወደዋለሁ።

ኮረብታው ከጊዜ በኋላ ለግንባታ ድንጋይ ተፈለጠ፤ ገበሎዎቹም አብረው ጠፉ። ብዙ ቆይቶ በአካባቢው የነበሩትን ተሳቢ እንስሳት የሚመዘግብ አንድ ወጣት ተመራማሪ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ጋሼ እያለ በትሕትና ይጠይቀኝ ጀመር። በአንድ ድንጋይ ዙሪያ ስንት ሴቶች ነበሩ? እንቁላላቸውን የሚቀብሩበት አፈር በኮረብታው በየትኛው ወገን ነበር? ከስንጥቁ የሚወጡት በስንት ሰዓት ነው? የስላይድ፣ ማለትም በትንንሽ ክፈፍ የታሰሩ የፊልም ምስሎች፣ ሳጥኖቼን አወረድሁለት። በየስላይዱ ጠርዝ ላይ የሌንሱ ክፍተት፣ የመዝጊያው ፍጥነትና የፊልሙ ዓይነት በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ቀንና ቦታ የተጻፈበት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ምስሎቹን በአድናቆት ተመልክቶ አመሰገነኝ፤ ደብተሩ ላይ የጻፈው ነገር ግን አልነበረም።

የጎደለው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር በሚገባ የተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ2010 በባሪ ሲነርቮ መሪነት ተሠርቶ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመውን ጥናት ሳነብ ነው። ተመራማሪዎቹ በሜክሲኮ ስሴሎፖረስ የተባሉት እንሽላሊቶች ቀድሞ ወደተመዘገቡባቸው 200 ቦታዎች ተመልሰው ሲፈትሹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ከየአካባቢው ስብስቦች 12 በመቶው ጠፍተው አገኙ። ሙቀቱ ስለጨመረ እንሽላሊቶቹ በመራቢያ ወቅታቸው ጥላ ውስጥ የሚያሳልፉት ሰዓት በዝቶ፣ ምግብ ለመፈለግ የሚተርፋቸው ጊዜ አጥሮ ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው ቀደም ብለው የሄዱ ሰዎች የት እንዳዩዋቸውና መቼ እንዳዩዋቸው ጽፈው በመተዋቸው ነው።

እንግዲህ ለጠየቀችኝ ልጅ የምመልስላት ከመቅረቧ በፊት ከሩቅ እንድታነሣው ነው። የመጀመሪያው ምስል እንሽላሊቱ ትንሽ ነጥብ የሆነበት፣ ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦውና ጎረቤቶቹ ሁሉ የገቡበት ይሁን። ከዚያ በኋላ ለመቅረብ የሚፈልግ ይቅረብ፤ ነገር ግን እንሽላሊት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ስለሆነ፣ ማለዳ ሲሞቅ አስደንግጣችሁ ወደ ቀዝቃዛ ስንጥቅ ስታስገቡት የምትቀንሱበት ከአደን ሰዓቱ ላይ መሆኑን አስቡ። ፊት ለፊት አትሂዱበት፤ በጎን በኩል፣ እያረፋችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትተክሉበት፣ ጥላችሁንም ሳትጥሉበት ቅረቡ። ራሱን ቀና አድርጎ ከተገተረ ባላችሁበት ቁሙ፤ ተመልሶ ደረቱን ድንጋዩ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ወደፊት መራመድ የለም። ስታነሡትም ዝቅ ብላችሁ ከዓይኑ እኩል ሁኑ፤ ከላይ ቁልቁል የተነሣ እንሽላሊት የተረገጠ ቅጠል ይመስላል። ስለ ሌንስ ምርጫ አልጽፍም፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ታወሩበታላችሁ።

የዛሬ ወጣቶች ትዕግሥት አጥታችኋል ብል ቅር አይበላችሁ። እንስሳው ገና ካለበት ሳይነቃነቅ ምስሉን ታሰራጫላችሁ፤ ይባስ ብሎ እንሽላሊት በጣታቸው አንጠልጥለው የሚነሡም አሉ። ብዙዎቹ የእንሽላሊት ዝርያዎች ሲያዙ ጅራታቸውን የሚጥሉት በጅራቱ አጥንት ውስጥ ለዚሁ በተዘጋጀ ስስ ቦታ ነው፤ ከጅራቱ ጋር ያከማቹት ስብ ይሄዳል፤ በምትኩ የሚበቅለውም በአጥንት ፈንታ ለስላሳ አጥንት ያለው ነው። ለዚህም ነው ቀለሙና ቅርፊቱ ከቀረው ገላ ጋር የማይስማማ ጅራት ስታዩ ጅራቱን ለብቻው እንድታነሡት የምመክረው፤ የዚያ እንስሳ ታሪክ ነውና።

ይህን ሁሉ ወቀሳ ካልሁ በኋላ ግን እናንተ ከእኛ የተሻላችሁ መሆናችሁን መካድ አልችልም። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ምስል ስለነበር እኛ ስስታሞች ነበርን። አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ጉማሬ ስጠብቅ አንድ አርጃኖ የአዞ እንቁላል ከአሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ሲያወጣ አይቼ፣ ፊልሙ ለጉማሬው ይቆይ ብዬ ዝም ብዬ ተመለከትሁት፤ ጉማሬውም ሳይመጣ ቀረ። የእናንተ ስልክ ሳትጠይቁት ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከፈቀዳችሁለት ቦታውንም ጭምር ይመዘግባል፤ የሁለት ወንዶች ጠብ ከሩቅም ቢሆን በቪዲዮ ይቀራል። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅ በምስል የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስታስገቡት ደግሞ የዝርያውን ስም ባታውቁ እንኳ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይነግራችኋል።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ለቤት ማቆያ ለመሸጥ እንስሳትን የሚይዙ ሰዎች ምስልና ቦታ አብረው ሲገኙ ያነባሉ። አይናቹራሊስት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይሸፍናል፤ ምስሉን ለጓደኛችሁ ስትልኩት ወይም ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ሁልጊዜ የሚሸፍንላችሁ የለም። ስለዚህ ብርቅ ዝርያ ወይም እንቁላል የተቀበረበትን ስፍራ ካገኛችሁ፣ ቦታው የተመዘገበበትን ምስል ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ በይፋ የምታወጡት ቅጂ ላይ ግን የቦታውን መረጃ አጥፉ።